ድሬሰሩን እጅ ያስታጠብንበት ክረምት

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ብዙ ነገርም ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ዛሬም የታመመ ለመጠየቅ ሐኪም ቤት ስገባ፣ ከሐኪሙ ፊት በፊት የማየው እጁን ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ያኔ ሾላ ገበያ አካባቢ እንኖር ነበር። እኔ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር አሰብ ይመላለሳል፤ እቤት የሚያድረው በወር ጥቂት ቀን ነው። ሁለት ልጆች ነበሩን። ትልቋ ትዕግሥት ስምንት ዓመቷ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ልጆች ጭቃው ላይ ይሯሯጣሉ። ትዕግሥት አዳለጣትና ከአጥር በወጣ ቆርቆሮ ላይ ወደቀች። ቆርቆሮው ጭኗን ከፈተው። ነጠላዬን አስሬባት፣ ተሸክሜያት አስፋልት ወጣሁ። አንድ ታክሲ ቆመ። ሞልቶ ነበር። የተሳፈሩት ሰዎች ደሙን ሲያዩ ማንም ሳይነግራቸው ወርደው ቦታ ለቀቁልን። ስማቸውን አላውቅም፤ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል።

የወሰድኳት በከተማው ምሥራቅ በኩል ወዳለ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጽፍም። ዛሬ እዚያ የሚሠሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ በማያውቁት ነገር ላሳፍራቸው አልፈልግም።

የሰፋት ወጣት ሐኪም ነበር። ከመስፋቱ በፊት እጁን ሲታጠብ በበሩ ቀዳዳ አየሁት። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ እስከ ክርኑ፣ እንደገና ከጥፍሩ ጀመረ። ልጄ እያለቀሰች ይህ ሰው ገላውን ሊታጠብ ነው ወይ ብዬ ተናደድኩ። አላዋቂነቴ ነው።

ሲጨርስ ወጥቶ፣ «እናት፣ ስፌቱ ጥሩ ነው። ቁስሏ ንጹሕ ነው። ካመረቀዘ ግን አጥንቷ ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ እግሯን ነው የምናጣው። በየቀኑ በንጽሕና ይታጠብላት» አለኝ። እስከዚያ እዚያው ተኝታ እንደምትቆይ፣ በሳምንቱ ስፌቱን እንደሚያወጣ ነገረኝ። በማግስቱ ግን ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ላኩትና እኔና ልጄ ከክፍሉ ሰዎች ጋር ቀረን።

ክፍሉ ሰፊ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት እጅ መታጠቢያ አለ። ከመታጠቢያው በላይ ቀይ ጨርቅ ተወጥሮ በነጭ ቀለም «ንጽሕና የአብዮታዊ ጤና መሠረት ነው!» ይላል። ቧንቧው ሲከፈት ያስላል እንጂ ውኃ አይሰጥም። ገንዳው ውስጥ መጥረጊያ ቆሟል። ሳሙና የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የሆስፒታሉ የጽዳት ዘመቻ ኮሚቴ የስብሰባ ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ወለሉን ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይወለውሉታል። መድኃኒቱ ዓይን ያቃጥላል። ጠያቂ ጫማውን በር ላይ ካልጠረገ ዘበኛው ይጮኽበታል። ወለሉ ያበራ ነበር። ወለሉ ላይ የተኛ ልጅ ግን አልነበረም።

በእኛ በኩል አራት አልጋዎች ተደርድረዋል። ከበሩ አጠገብ ባለው አንደኛ አልጋ ላይ ከቦሌ ቡልቡላ የመጣ የገበሬ ልጅ ተኝቷል። በሬ ወግቶት ነው፤ ቁስሉ ገና ቤቱ ሳለ ያመረቀዘ ነው። አባቱ ጋሽ ቱሉ ዝናብ ኮታቸውን ሳያወልቁ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው አልጋ ላይ ሆዱን ኦፕራሲዮን የሆነ ትንሽ ልጅ አለ፤ እናቱ ቀን የጉልበት ሥራ ስለምትሠራ የምትመጣው ሥራ ስትወጣ ነው። ሦስተኛው አልጋ ላይ ክንዱ ተሰብሮ የተሰፋ አብዱ የሚባል ልጅ ተኝቷል። እናቱ ዘሀራ የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ ሾላ ሱቅ አለው። አራተኛው አልጋ የእኛ ነው።

በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ይመጣል። ጋሽ ዘለቀ ይባላል። ያን ጊዜ በፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን ትቼዋለሁ። ጋዋኑ ከደረቱ ነጭ ነው፤ ከጎንና ከጎኑ፣ እጁን በሚጠርግበት በኩል፣ ቢጫ ሆኗል። የሚገፋው ጋሪ ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ መቆንጠጫ፣ ጥጥና አዮዲን አለ።

ከአንደኛው አልጋ ይጀምራል። የገበሬውን ልጅ ቁስል ተጭኖ መግሉን ያወጣል። ጥጡን ይጥላል። እጁን በጋዋኑ ጎን ይጠርጋል። ከዚያ «ተረኛ!» ይልና በዚያው እጅ፣ በዚያው መቆንጠጫ የሁለተኛውን ልጅ ሆድ ይነካል። ከዚያ የአብዱን ክንድ። ከዚያ የልጄን ጭን።

የመጀመሪያ ቀን አየሁ፤ ዝም አልኩ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሚያውቁትን ነው የሚሠሩት አልኩ። በሁለተኛው ቀን የሁለተኛው አልጋ ልጅ አተኮሰው፤ ሆዱ ቀልቶ መግል ያዘ። ያን ዕለትም ዝም አልኩ። እንዲያውም የባሰ ነገር አደረግኩ። ወንበሬን ከጋሽ ቱሉ በኩል ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ልጄን «ከበሩ አጠገብ ካለው ልጅ ጋር እንዳትጫወቺ» አልኳት። በሽታውን ይዞብን የመጣው ባላገሩ ነው ብዬ በልቤ ፈረድኩ። ሰውዬው ሰምተውኛል። ቀና ብለው አዩኝና መልሰው የልጃቸውን ብርድ ልብስ አስተካከሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ዘለቀ እንደ ልማዱ አጥቦ ሄደ፤ እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ የአብዱ ሰውነት እንደ እሳት ሆነ።

ዘሀራ የልጇን ግንባር ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«ወረፋ ነው እንዴ ይኼ ነገር?» አለችኝ። «አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አሁን የእኔ። የቀበሌ ሱቅ መሰለሽ እኮ!»

ወደ አልጋዎቹ ቁጥር አየሁ። ቀጥሎ አራት ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የክፍሉን ነርስ በር ላይ ጠበቅኳት። ደግ ሴት ነበረች፤ ፈሪ ነበረች።

«ሲስተር፣ ጋሽ ዘለቀ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሄዱ እጃቸውን አይታጠቡም» አልኳት።

ወደ ኋላዋ አየችና፣ «ቧንቧው ደርቋል። ሳሙናው ኮሚቴው ጋ ተቆልፎበታል። ደግሞ እሱ የኮሚቴው አባል ነው፤ እኔ ብነግረው በስብሰባ ላይ ነው የሚመልስልኝ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የፈላ ውኃ ከፈለግሽ ከወጥ ቤት እሰጥሻለሁ» አለች። ውኃው ምን እንደሚሠራልኝ ያን ሰዓት አልገባኝም።

ጋሽ ዘለቀ መጣ። ሦስቱን አጥቦ ወደ እኛ ሲደርስ ተነሣሁ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የልጄን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ቢታጠቡ?»

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ሳቀ።

«ስሙማ! መምህርቷ እጄን ልትመረምር ነው! ሃያ ዓመት ቁስል አጥቤያለሁ እኮ፣ እመቤት። ይኼ እጅ መድኃኒት ጠጥቶ ጠጥቶ ራሱ መድኃኒት ሆኗል። ጀርም አይደፍረውም።»

«የአብዱ ክንድ ግን…»

«ካልፈለግሽ ቅጹን እሞላልሻለሁ፣ ልጅሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ቤትሽ ወስደሽ በፊደል አጥቢያት።»

ፈራሁ። ስፌቷ አልወጣም፤ ሐኪሙ የለም፤ ባሌ መንገድ ላይ ነው። ብርድ ልብሱን ገለጥኩለት። በዚያ እጁ አጠባት። ትዕግሥት ጥርሷን ነክሳ እኔን እኔን ታያለች። እኔ ወለሉን አየሁ። እንደ ነገርኳችሁ፣ ወለሉ ያበራ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የስፌቷ ጫፍ መቅላቱን አየሁ። ትንሽ ነው፤ የጥፍር ስፋት ቢሆን ነው። ተንበርክኬ እመቤቴን ለመንኳት። ጸሎቴ ረጅም አልነበረም።

እኩለ ቀን ላይ እህቴ የጾም ምግብ ይዛ መጣች፤ ምስርና ጎመን ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም፤ የመጣው ለልጄና ለዘሀራ ነው። ሳህኑ ሲከፈት ጋሽ ዘለቀ በኮሪደሩ ሲያልፍ አየን። የአገራችን ወግ ነውና እህቴ ሰውዬውን ሳታውቀው «እንብላ!» አለች።

«ኧረ እሺ፣ አንድ ጉርሻ» ብሎ ገባና ተቀመጠ።

ዘሀራ ከሶላት በፊት ለዉዱ የምታመጣት ሰማያዊ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ነበረቻት። እሷን አነሣች፣ እኔ ሳፋ ያዝኩ፣ እህቴ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ ያገኘኋትን ሳሙና ሰጠችው። ጋሽ ዘለቀ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ። እጁን እንደ ሙሽራ ዘረጋ። አረፋ አስነሣ፤ በጣቶቹ መካከል አሸ፤ ጥፍሩን በጥፍሩ ፈቀፈቀ። «ጨምሪ፣ ጨምሪ፣ አትሰስቺ» አላት ዘሀራን። ሁለት ጊዜ አለቀለቀ። ከዚያ እርጥብ እጁን ምንም እንዳይነካበት ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ እንጀራው ዞረ።

እኔና ዘሀራ ተያየን።

ለአራት ልጅ ቁስል ያልታጠበ ሰው ለአንድ ጉርሻ እስከ ክንዱ ታጠበ። ደግሞም ከልቡ ነበር፤ ማስመሰል አልነበረበትም። በቆሸሸ እጅ ሆዱን መጉዳት አይፈልግም። መድኃኒት ጠጥቷል ያለው እጅ ለራሱ አፍ አልታመነም።

ያን ሰዓት አንድ ነገር ገባኝ። በእኛ አገር ታጠብ የተባለ ሰው ይቆጣል፤ ቆሽሸሃል ማለት ነውና። ውኃ ይዞ በፊቱ የቆመን ሰው ግን እምቢ የሚል የለም። ሴት ጎንበስ ብላ ማንቆርቆሪያ ከያዘች፣ በልቶ የመጣ እንኳ እጁን ዘርግቶ ይታጠባል። እኔ ጠዋት ስህተት ሠርቼ ነበር። ነገርኩት እንጂ አላስታጠብኩትም።

ለዘሀራ በጆሮዋ ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«አላህ ያግዘን» አለች። «ማንቆርቆሪያዋ ለጸሎት የተገዛች ናት፤ ከዚህ የበለጠ ጸሎት የት አለ?»

በማግስቱ ጠዋት የፈላ ውኃ በሁለት ቴርሞስ ከወጥ ቤት አገኘን፤ ሲስተር ቃሏን ጠበቀች። ቀዝቃዛውን ግቢ ካለው ቧንቧ ቀዳን። ነጠላችንን ወገባችን ላይ አሰርን። ጋሽ ዘለቀ ጋሪውን እየገፋ ሲገባ ዘሀራ ማንቆርቆሪያ፣ እኔ ሳፋና ሳሙና ይዘን በበሩ ቆመናል። ጎንበስ አልን።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ዘለቀ። እጅዎን።»

ግራ ገባው። ምግብ ፈለገ መሰለኝ ወደ ጠረጴዛው አየ። ክፍሉ ውስጥ ያለ አስታማሚ ሁሉ ያየዋል። ሁለት ሴቶች ጎንበስ ብለው ውኃ ይዘው ቆመዋል። እጁን ዘረጋ። ታጠበ። ዘሀራ የፈላውን ውኃ መቆንጠጫው ላይ አፈሰሰች፤ «ለቡራኬ ነው» አለችው።

ወደ አንደኛው አልጋ ሊሄድ ሲል ጋሽ ቱሉ ተነሡ። ከገባን ጀምሮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«የእኔን ልጅ መጨረሻ አድርገው።»

«ለምን?» አለ ጋሽ ዘለቀ።

«እኛ ቤት ጡቷን የታመመች ላም መጨረሻ ነው የምትታለበው። መጀመሪያ ከታለበች በዚያው እጅ ሌሎቹን ትበክላለች። ይኼን ልጄም ያውቃል። ይጠብቃል። ከዚያች ልጅ ጀምር» ብለው ወደ ትዕግሥት ጠቆሙ።

ልጁ አንገቱን ነቀነቀ። ቁስሉ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘው አድሯል፤ ፋሻው በመግል ርሷል። እጠብቃለሁ አለ።

አንገቴን ደፋሁ። ወንበሬን ያዞርኩባቸው ሰው ናቸው። ሦስት ቀን የናቅኳቸው ሰው፣ ሆስፒታሉ ያላወቀውን ከበረት ይዘው መጥተዋል፤ ከልጃቸው በፊት የእኔን ልጅ አስቀደሙ። ብዙ ሰው ንቄያለሁ፤ ጥቂቱ ይገባው ነበር። የጋሽ ቱሉ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጋሽ ዘለቀ ከትዕግሥት ጀመረ። ከዚያ ወደ አብዱ ሲዞር ዘሀራና እኔ ፊቱ ቆምን። «እጅዎን።» ታጠበ። ወደ ሁለተኛው አልጋ ሲዞር ቆምን። «እጅዎን።» ፊቱ ጠቆረ።

«ድግስ ነው እንዴ ይኼ?»

«ድግስ ነው እንጂ» አለች ዘሀራ። «አራት ልጆች አሉን፤ አራት ጊዜ ነው የሚታጠቡት።»

ከማዶ አልጋ ያሉ እናቶች ሳቁ። ከመካከላቸው አንዷ፣ «እኛ ጋም ሲመጡ አደራ ማንቆርቆሪያዋን!» አለች። ጋሽ ቱሉም የልጃቸው ተራ ሲደርስ ሳፋውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ያዙ። ጋሽ ዘለቀ ያን ጠዋት ከሃያ ዓመቱ ሁሉ ይበልጥ ታጠበ ብል ሐሰት አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው መጥቶ ኮሚቴው ይፈልግሻል አለኝ። ዘሀራን አልጠሯትም፤ መምህርት ስለሆንኩ ያደራጀሁት እኔ መስሏቸው ነበር።

ሊቀ መንበሩ ወጣት ነው። ከፊቱ ፋይል አለ፤ ከጎኑ ጋሽ ዘለቀ ተቀምጧል። ከጀርባው ባለ መስታወት ቁም ሣጥን አለ። በመስታወቱ ውስጥ ሳሙና እንደ ጡብ ተደርድሯል። በላዩ ነጭ ፎጣ ተጣጥፏል።

«ጓዲት፣ በዚህ ሆስፒታል የጽዳት ዘመቻ የሚያካሂደው ማነው?» አለኝ።

«ኮሚቴው።»

«ታዲያ አንቺ በየትኛው ውሳኔ ነው ያካሄድሽው?»

«እጅ ነው ያስታጠብኩት።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ውሳኔውን ነው።»

«ውሳኔ የለም።»

ጻፈ። «ማን አደራጃችሁ?»

«ማንም።»

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት እናት፣ አንድ አባት።»

ይህንንም ጻፈ። ጋሽ ዘለቀ አልቻለም፤ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ በሰፊው ሕዝብ ፊት አዋርደውኛል! ያልታጠብኩ አስመስለውኛል!» አለ።

«ታጥበው ነበር?» አልኩት።

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አቁሞ ወደ እሱ አየ።

«ያ ሳሙና ለምንድን ነው?» ብዬ ሊቀ መንበሩን ጠየቅኩት።

«ለጉብኝት። የበላይ አካል ሲመጣ ለየክፍሉ ይታደላል።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«ይህ ምስጢር ነው።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ልጆች ይመግላሉ፤ ሳሙናው ጎብኚ ይጠብቃል። ካመረቀዘ ልጄ እግሯን እንደምታጣ ግን ምስጢር አልነበረም።

ሊቀ መንበሩ ወረቀት አቀረበልኝ። ግለ ሂስ ጻፊ አለኝ፤ ጥፋትሽን በራስሽ እጅ አምነሽ ፈርሚ። ካልጻፍኩ የአስታማሚ መግቢያ ወረቀቴን እንደሚቀማ ነገረኝ። ነገ ጠዋት ማንቆርቆሪያ ይዤ ብገኝም እንደዚሁ። መግቢያዬ ከተቀማ ልጄ ብቻዋን በጋሽ ዘለቀ እጅ ትቀራለች። ያን እጅ አይቼዋለሁ።

ብዕሩን ተቀበልኩ። ጥፋቴን ለመጻፍ አልከበደኝም፤ ጥፋት ነበረብኝ። እንዲህ ጻፍኩ፦ «ልጄ ከተኛችበት ቀን ጀምሮ ውኃ ይዤ መቆም ሲገባኝ፣ ሦስት ቀን ዝም ብዬ በማየቴ፣ በአራተኛው ቀንም ፈርቼ በመታዘዜ ጥፋተኛ ነኝ።» ፈረምኩ።

ሊቀ መንበሩ አነበበው። እንደገና አነበበው። ለጋሽ ዘለቀ አሳየው። ጥፋት አለበት፤ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፤ ፊርማ አለው። ምን እንደጎደለው ሊያገኝ አልቻለም። ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥቶ መታበት፤ ፋይሉ ውስጥ አኖረው። እኔም እጅ ነስቼ ወጣሁ።

የልጄ እግር ዳነ። የስፌቷ ጫፍ ቅላት ሳይሰፋ ቀረ፤ ወጣቱ ሐኪምም ተመልሶ በቀኑ ስፌቱን አወጣ። የአብዱ ክንድ ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ግን ዳነ። የጋሽ ቱሉ ልጅ እኛ ስንወጣ ገና እዚያው ነበር፤ ቆይቶ በእግሩ መሄዱን ዘሀራ ነገረችኝ። የሁለተኛውን አልጋ ልጅ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰዱት። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ስሙን ግን በጸሎቴ አነሣዋለሁ። እናቱ ቀን የምትመጣ ብትሆን እኔ ዝም ብል እንኳ እሷ ዝም አትልም ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ያ ሳሙና መቼ እንደታደለ አላውቅም። እኔ እስክወጣ መስታወቱ ውስጥ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ለንስሐ አባቴ፣ «አባቴ፣ ንቀት አለብኝ» ብዬ ነገሩን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። ሰሙኝና፣ «ሰውዬውን ይቅር ብለሻል?» አሉኝ። ብያለሁ አልኳቸው። «እንግዲያው ንቀቱን ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን» አሉኝ። አልተነጋገርንበትም፤ አርፈዋል። ጋሽ ዘለቀን ይቅር ብዬዋለሁ። ያን ኮሚቴ፣ ያን ቀይ ጨርቅ፣ ያን የተቆለፈ ቁም ሣጥን ግን ዛሬም እንቃለሁ። ምስጋናዬ ለእግዚአብሔር ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ለእመቤታችን፣ እጁን ይታጠብ ለነበረው ሐኪም፣ ለዘሀራ፣ ከሁሉም ይልቅ ልጃቸውን መጨረሻ ላደረጉት ሰው።

ግለ ሂሱን በፈረምኩ በማግስቱ ጠዋት ያደረግኩትን ጽፌ ላብቃ።

ኪዳን አድርሼ፣ መግቢያ ወረቀቴን ለዘበኛው አሳይቼ ገባሁ። እጄ ባዶ ነበር። ከክፍሉ በር ላይ ጋሽ ቱሉ የዘሀራን ማንቆርቆሪያ ይዘው ቆመዋል፤ «እኔን ማንም አልከለከለኝም» አሉኝ። ዘሀራ ሳፋውን ይዛለች። ከማዶ በኩል ያሉት እናቶችም አንዷ በጣሳ፣ አንዷ በጆግ፣ ውኃ ውኃቸውን ይዘው በየአልጋቸው ቆመዋል። ወደ ጋሽ ቱሉ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ይሁን፣ ሰውዬው መጣ» አሉኝ።

ጋሽ ዘለቀ ገባ። ዙሪያውን አየ። ወደ እኔ አየ፤ ባዶ እጄን አየ። ከዚያ ማንም ሳይናገረው እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ዘረጋ።

እጁ ታጥቦ እስኪደርቅ ጠበቅኩና የልጄን ብርድ ልብስ ገለጥኩ።